ስሙ የኛ፣ ብረቱ የሰው
(ስለ ኦቶሞቢል ቅርጽና ስለ አገር መልክ)

«በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ሲነገር ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ልብስና ጌጥ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ከልብስና ከጌጥ ይልቅ የሰውን ኑሮና ክብር በአደባባይ የሚያሳየው ኦቶሞቢል ሆኗል። ሙሽሮች የሚታጀቡት በመኪና ነው፤ ሹም የሚለየው በመኪናው ነው፤ ገበሬም የለፋበትን ሙዝ ለገበያ የሚያደርሰው በመኪና ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ ሲመላለሱ የምናያቸውን መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የነደፋቸው የሌላ አገር ሰው ነው። እንግዲህ ምሳሌው እውነት ከሆነ፣ በየዕለቱ በሰው ወርቅ ለመድመቅ ስንደክም እንውላለን ማለት ነው።

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙ ስለ ሆኑ፣ እኛ ደግሞ በየዕለቱ በዓይናችን ፊት እያለፈ ታሪክነቱ ብዙ የማይታሰበውን የመኪናን ነገር መረጥን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ ራሱ ባልፈለሰፈው መሣሪያ ላይ የራሱን መልክ ሊያሳርፍ ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ በምን መንገድ? ለዚህ መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ የዓለምን፣ ቀጥሎ የአገራችንን፣ በመጨረሻም በአባያ ዳር ያለችውን የከተማችንን የአርባ ምንጭን ነገር እንመለከታለን።

መኪና የአገሩን መልክ የያዘበት ዘመን

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት እግር የሞተር ሠረገላውን እ.ኤ.አ. በ1886 በስሙ ካስመዘገበ በኋላ የወጡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ፈረሱ የተፈታለት ሠረገላ ይመስሉ ነበር። የፓሪሱም ሆነ የለንደኑ መኪና በመልክ ብዙ አይለያይም። አገርን ከአገር መለየት የተጀመረው በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ በቀለም ነው። እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ኢጣልያ ቀይ፣ ጀርመን ነጭ ኋላም የብር ቀለም ያዙ። ተመልካቹ የነጂውን ፊት ባያይ እንኳ የማን አገር መኪና እንደ ቀደመ በሩቁ ያውቅ ነበር።

ቀለም ግን ከላይ የሚቀባ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልዩነቱ ከቀለም አልፎ ወደ አካል ገባ። ለዚህም ከሁሉ የሚያስደንቀው ምሳሌ የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ኩባንያ የሠራው ዴ ሼቮ የተባለው ትንሽ መኪና ነው። የኩባንያው ኃላፊ ፒየር ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ እንዲህ የሚል ነበር፤ መኪናው ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች ይጫን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሂድ፤ በታረሰ እርሻ ላይ ሲያልፍ በቅርጫት የተቀመጠ እንቁላል አይሰበርበት። በዚህ ትእዛዝ መሠረት የተሠራው መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ሲታይ በአስቀያሚነቱ ብዙዎች ሳቁበት፤ ሆኖም የፈረንሳይ ገጠር መልክ እስኪሆን ድረስ ተወደደ። መልኩን ያመጣው የአገሩ ገበሬ ችግር እንጂ የጌጥ ፍላጎት አልነበረም።

ኢጣልያም እንደዚሁ መንገዷ ጠባብ፣ ሕዝቧም ከጦርነት የወጣ ድሀ ስለ ነበረ፣ ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ፊያት 600ን አወጣ። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20 ገደማ ሲሆን አራት ሰው ይይዛል። በዚያው ዘመን ቤንዚን ርካሽ፣ መንገድም ሰፊ በነበረባት በአሜሪካ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ገና እ.ኤ.አ. በ1927 በሀርሊ ኧርል መሪነት የመልክና የቀለም ክፍል አቋቁሞ ስለ ነበር፣ መኪናው እንደ አውሮፕላን ጅራት አወጣ። የ1959 ካዲላክ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ70 ገደማ ነበር። አንዱ መኪና ስለ ቁጠባ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ጥጋብ ይናገራል። ሁለቱም ግን የአገራቸውን እውነት ይናገራሉ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊዝ ቦይ ጠብ ተነሥቶ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ እንግሊዞች ነዳጅ የሚቆጥብ ትንሽ መኪና ፈለጉ፤ በ1959ም ሚኒ የተባለችው ወጣች። ይህች መኪና ዛሬ የእንግሊዝ ምልክት ሆና ትታያለች። የነደፋት አሌክ ኢሲጎኒስ ግን የተወለደው በኢዝሚር ነው፤ አባቱ የግሪክ ተወላጅ፣ እናቱም የጀርመን ዘር ነበሩ። እንግዲህ የአገር መልክ ማለት የሠሪው የዘር ሐረግ ማለት አይደለም። የአንድን አገር ችግር አይቶ ለዚያ ችግር መልስ መስጠት ነው።

መልኮች የተቀራረቡበት ዘመን

ይህ ሁሉ ልዩነት ዘላቂ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ትልልቆቹ የአሜሪካ መኪኖች ሸክም ሆኑ። ከዚያ አስቀድሞ አሜሪካ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አውጥታ ስለ ነበር፣ መኪናውን በአሜሪካ ለመሸጥ የፈለገ አገር ሁሉ ለዚያ ሕግ መታዘዝ ግድ ሆነበት። ነፋስም የራሱ ሕግ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ መኪናውን ነፋስ በቀላሉ የሚያልፍበት ቅርጽ መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህም ስሌት በቶኪዮም ሆነ በቱሪን ያው ነው። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተር ንድፉን ሲረከበውና ኩባንያዎች አንዱን ሻንሲ ለብዙ ዓይነት መኪና ሲጠቀሙበት፣ ወንድማማቾች የሚመስሉ መኪኖች ዓለምን ሞሉ።

ነዳፊዎችም ድንበር መሻገር ጀመሩ። ጆርጄቶ ጁጃሮ የተባለው ኢጣልያዊ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን የጀርመኑን ቮልስዋገን ጎልፍ ነደፈ፤ በማግስቱ ዓመት የወጣውን የመጀመሪያውን የኮሪያ የራስ መኪና ሃዩንዳይ ፖኒንም የነደፈው እርሱ ነው። ኮሪያ ግን ንድፉን ገዝታ አልተኛችም። የነዳፊውን ሥራ እያየች ተማረች፤ ሞተሩንም ውላ አድራ ራሷ ሠራች።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከሩስያ ነው። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ዳር በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ አቆመ። የተወሰደው ፊያት 124 የተባለው መኪና ነው። ሆኖም የኢጣልያ መኪና የሩስያን መንገድና ብርድ አይችልምና ብረቱ ወፈረ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ጨመረ፣ ፍሬኑና ሞተሩ ተለወጠ፤ የተደረገው ለውጥ 800 ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ስሙንም ከፋብሪካው አጠገብ ባሉት ኮረብቶች «ዢጉሊ» አሉት። ወደ ውጭ አገር ሲላክ ደግሞ «ላዳ» ተባለ። ይህን ስም በአገራችን የማያውቀው የለም።

ሕንድም የእንግሊዙን ሞሪስ ኦክስፎርድ ወስዳ «አምባሳደር» ብላ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ ሠራችው፤ ሞሪስ በትውልድ አገሩ ተረስቶ ሳለ በሕንድ የሹማምንትና የታክሲ መኪና ሆኖ የአገር ምልክት ለመሆን በቃ። በቅርቡ ደግሞ የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ ቀድሞ በአውዲ ይሠራ የነበረውን ጀርመናዊ ነዳፊ ቮልፍጋንግ ኤገርን እ.ኤ.አ. በ2016 ቀጥሮ፣ መኪኖቹን ግን ሃን፣ ታንግ፣ ሶንግ እያለ በጥንት ነገሥታቱ ሥርወ መንግሥት ይሰይማቸዋል፤ የፊታቸውንም ቅርጽ «የዘንዶ ፊት» ይለዋል። ስለዚህ የዓለም መኪኖች በተመሳሰሉ መጠን አገሮች የራሳቸውን ምልክት የመፈለጋቸው ነገር እየበረታ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም።

መኪና ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

በአገራችን በመንገድ ላይ በሞተር የሚሄድ ነገር መጀመሪያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ መንገድ የሚደለድል ባለ እንፋሎት መኪና አምጥቶ ነበርና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ቀጥሎ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሌ የተባለችውን ኦቶሞቢል ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በረሃና ገደል እያቋረጠ አዲስ አበባ አደረሳት። መኪናይቱ የተሠራችው ለእንግሊዝ ለስላሳ መንገድ ስለ ነበረ፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። የሰው አገር መኪና ሲመጣ የሰው አገርን መንገድ አብሮ አያመጣም።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወራሪ ጦር ሲገባ የጭነት መኪናው ብዛት ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ ሲያወሱት የኖሩት ፊያት 634 ያን ጊዜ ነው የመጣው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቋንቋው ግን በጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ነጂው የሚጨብጠው «መሪ»፣ አብሮት የሚሠራውም «ረዳት» በራሳችን ቋንቋ ይጠራሉ። ብረቱን በሰው ቋንቋ፣ ሥራውን በቋንቋችን ጠራነው ማለት ነው።

መኪና የመንግሥት ምልክት መሆኑንም ታሪካችን ይመሰክራል። በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ሕዝብ እጅ ይነሣቸው የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ያን ቀን ያዩ ሰዎች አዋጁን ከሰሙት ይልቅ መኪናይቱን አስታውሰው መቅረታቸው የሚያስገርም አይደለም። በዘመነ ደርግ ደግሞ የሶቪየቱ ላዳ መጥቶ፣ ቀድሞ ሴይቼንቶ የሚባለው ፊያት 600 ይሠራው የነበረውን የታክሲ ሥራ ተረከበ። ሁለቱም ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ሲታዩ የኢጣልያም የሩስያም መሆናቸው ተረስቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ብቻ ሆኑ። በዚያም በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የታየው የቀለም ኃይል በእኛም ከተማ ሠርቷል።

ሕዝብ ስም ሲያወጣ

የኢትዮጵያ ሕዝብ መኪና ባይሠራም ስም ለማውጣት ማንም አይቀድመውም። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚሄዱበትን ታክሲ «ውይይት» አለው። የጃፓኑን ሃይኤስ ሚኒባስ አንዱን «ዶልፊን»፣ ሌላውን «አባዱላ» አለው። ስም የሚወጣው ግን ለፍቅር ብቻ አይደለም። በአደጋ ብዛት የተፈሩትን የጭነት መኪኖች «አልቃይዳ» እና «ቀይ ሽብር» ማለቱ የሕዝብ ኀዘንና ፍርድ ነው። በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ስለሚሞት፣ እነዚህ ስሞች ቀልድ ብቻ ሆነው ሊታዩ አይገባም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ወደዚህ ሲወርድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና የተሠራች ስለ ሆነች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዛሬ ይህን የሚያመላልሰን ባጃጅ ነው። ባጃጅ ስሙ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ቅርጹ ግን ከኢጣልያ የመጣ ነው። የፒያጆ ኩባንያ መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1948 «አፔ» ማለትም «ንብ» የተባለችውን ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ ሕንዶች በፈቃድ ሠሯት፤ ውላ አድራም መልኳ ተለውጦ ሲቀላ ገበያ ደረሰች። የጦርነት ድህነት የወለዳት የኢጣልያ ንብ በሕንድ በኩል ዞራ የጋሞን ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ልጆቹ መጋረጃዋን በአበባ፣ መስታወቷን በጥቅስና በሥዕል ሲያስጌጡ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ያላገኘችውን መልክ በከተማችን ታገኛለች።

ከጌጥ አልፎ አካል የተሠራበት ሥራ ግን «ቅጥቅጥ» ነው። አውቶቡሱ የሚጀመረው ከጃፓኑ አይሱዙ ሻንሲና ሞተር ነው። ባለሙያው በላዩ ላይ የብረት አጥንት ያቆማል፤ ባቲላሜራው ላሜራውን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ጎኑንና ጣራውን ያወጣል፤ ብየዳው ይከተላል፤ ጎርባጣው በስቱኮ ይሞላል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወንበር ይደረደራል፤ በጣራው ላይም ለዶሮውና ለጆንያው ፖርቶ መጋላ ይሰቀላል። ስሙ ራሱ የእጅ ሥራውን ይናገራል። በሶዶና በኮንሶ መንገድ የሚመላለሰውን ሕዝብ ኑሮ ከቶኪዮ ነዳፊ ይልቅ የሚያውቀው ይህ ባለሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ፍቅር ዓይንን እንዳይሸፍን እውነቱን መናገር ይገባናል። በመዶሻ የወጣ አካል የሚያምር ቢሆንም፣ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ካልተፈተነ ሥራው ጎዶሎ ነው። የስዊድኑ ቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሦስት ነጥቡን የወንበር ቀበቶ ሲሠራ፣ ኩባንያው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ስዊድን በመኪና ዓለም «ጥንቁቅ» የሚል ስም ያገኘችው በዚህ ነው። የአገር መልክ በብረቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ለሰው ነፍስ በሚሰጠው ዋጋ ጭምር ይታያል።

ዓባይ የተባለው መኪና

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሆላንድ ካር የተባለ የኢትዮጵያና የሆላንድ ኩባንያ በአገራችን መኪና መገጣጠም ጀመረ። ለመኪኖቹም ዓባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ፣ ሸበሌ የሚሉ ስሞች ሰጠ። የወንዞቻችን ስም በመኪና ጀርባ ላይ ተጽፎ ማየት ብዙዎችን አስደሰተ። ዓባይ የተባለው ግን ሊፋን 520 የተባለው የቻይና መኪና ነበር። ኩባንያው በገንዘብ ችግር በ2005 ዓ.ም. ከሥራ ወጣ። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1986 «ኛዮ ፓዮኒየር» የተባለ የራሷን መኪና ለመሥራት ተነሥታ ጥቂት ናሙናዎች ካወጣች በኋላ በገንዘብ እጦት ቀርቶባታል። እነዚህን ጥረቶች የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም። የሞከረ ካልሞከረ ይሻላል። ነገር ግን ሩስያዊው ዢጉሊ የኮረብታውን ስም ከመያዙ በፊት በአካሉ ላይ 800 ያህል ለውጥ ተደርጎበታል፤ የእኛው ዓባይ ግን ከሁሉ በፊት ያገኘው ስሙን ነው።

ስም ብቻውን እንደማይጸና የአባያ ሐይቅ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ኢጣልያዊው አገር አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ወደዚህ መጥቶ ሐይቃችንን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ስሙ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዘመን ተጻፈ። በዳሩ የሚያጠምደውና ከብቱን የሚያጠጣው ሰው ግን ሐይቁን በራሱ ስም መጥራቱን አልተወም፤ ዛሬም ካርታው ወደ አባያ ተመልሷል። ከውጭ የተለጠፈ ስም በኑሮ ካልተደገፈ ይወድቃል። ይህ ለሐይቅ እውነት ከሆነ ለመኪናም እውነት ነው።

ወንዙ መኪናውን ሲነዳው

አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የማራቶን ሞተር ፋብሪካ ሃዩንዳይ አዮኒክ የተባለውን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና በአዲስ አበባ ገጣጥሞ አሳየ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በዚህም ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀደመች። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚገኝ ነው። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በኦሞ ወንዝ ላይ ግልገል ጊቤ 3 በ1,870 ሜጋ ዋት ኃይል በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዓባይ ላይም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያን ጊዜ ዓባይ የተባለው መኪና በባዕድ ቤንዚን ይሄድ ነበር፤ ዛሬ የባዕድ ስም ያላቸው መኪኖች በዓባይ ኃይል ይሄዳሉ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ የኛ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለእኛ ሌላም በር ይከፍታል። ባትሪው እንደ ጠፍጣፋ ጣውላ ከሥር ይነጠፋል፤ ሞተሩ ትንሽ ነው፤ አካሉ ከላይ ይቀመጣል። ይህ ማለት ሻንሲውን ከውጭ አምጥቶ አካሉን እዚህ የሚሠራው የቅጥቅጥ ባለሙያ ጥበብ ያረጀ ነገር አይደለም፤ ወደ ፊት የሚጠበቅ ነገር ነው። ካርቡራተርና ካንዴላ ይረሱ ይሆናል፤ ላሜራ ግን አይረሳም። መዶሻውን ከጂኦሜትሪና ከደኅንነት ፈተና ጋር የሚያጋባ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው ከእኛ ክፍል ካልወጣ ከወዴት ይመጣል?

መሬታችንም የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በ1,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በፊዚክስ ትምህርታችን እንዳሰላነው፣ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከዚያ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የነዳጅ መኪና ይህን ሁሉ በፍሬን ሙቀት ያባክነዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚሸተን የፍሬን ሽታ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ሜዳ በሆነችው በሆላንድ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በጋሞ ተራራ ላይ ግን የመኪናውን ንድፍ ሊወስን የሚችል ትልቅ ነገር ነው።

የዶርዜ ቤት ትምህርት

ስለ ቅርጽ ስንናገር ወደ ፓሪስና ወደ ቱሪን ብቻ መመልከት አይገባንም። የዶርዜ ሰው ቤቱን ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል ሲሠራ የዝሆን ራስ አስመስሎ ይሠራዋል፤ አፍንጫ የሚመስል መግቢያ፣ ዓይን የሚመስሉ መስኮቶች አሉት። መኪናም መብራቱ ዓይን፣ ፊቱ አፍ ሆኖ ይታያል፤ ፊት የመስጠት ጥበብ በተራራችን ላይ የቆየ ነው። ከዚህም በላይ ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው ቤቱ ይጠፋል እንጂ አይባልም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያሻግረዋል። በአገሩ የሚበቅለውን ዕቃ፣ በአገሩ የሚኖረውን ችግር፣ በአገሩ የታየውን እንስሳ አንድ ላይ አድርጎ ቅርጽ ማውጣት ማለት ይህ ነው።

የሸማኔውም ሥራ እንዲሁ ነው። ፈትሉ ከፋብሪካ፣ ቀለሙም ከሩቅ አገር ይምጣ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ዱንጉዛ ሆኖ ሲወጣ የጋሞ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚለው ምሳሌ እንግዲህ እውነት ነው፤ በሰው ክር ግን ይደመቃል፤ ጥለቱን ራስ ከነደፉት።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው አንድ ሕዝብ ባልፈለሰፈው መሣሪያ ላይ መልኩን የሚያሳርፈው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ስም ይሰጠዋል፤ ይህን ሕዝባችን በሚገባ አድርጎታል። ሁለተኛ አካሉን ይነካዋል፤ ይህን ባቲላሜራዎቻችን ጀምረውታል። ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሱን ችግር ራሱ ለይቶ፣ «ይህን የሚችል መኪና እፈልጋለሁ» ብሎ ማዘዝ ነው። ፈረንሳይ ስለ ድንቿና ስለ እንቁላሏ ያዘዘችው ያን ነው። እኛ እስካሁን የጎደለን ብረት ብቻ አይደለም፤ ትእዛዙ ራሱ ገና በወጉ አልተጻፈም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ወደ ምሕንድስና ትምህርት ስትሄዱ ይህን ትእዛዝ ይዛችሁ እንድትሄዱ አደራ እንላለን። መኪናው ከላንቴ የተቆረጠ ሙዝ ጭኖ፣ ሳያላሽቅና ሳያጠቁር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ያድርስ። የጨንቻን ዳገት ሳይታክት ይውጣ፤ ሲወርድም ኃይሉን ያጠራቅም። በአባያ ዳር ሙቀትና በደጋው ጭጋግ ባትሪው አይድከም። እናት ልጅ አዝላ በቀላሉ የምትሳፈርበት፣ በግጭት ጊዜም ሁለቱን የሚጠብቅ ይሁን። ሲሰበር በሲቀላ ጋራዥ የሚጠገን ይሁን። ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም መኪና ብረቱ ከየትም ቢመጣ የኛ ይሆናል፤ ስሙንም ሕዝቡ ራሱ ያወጣለታል።